በጅረት ዳር የሰፈርንባቸው ሦስት ቀኖች

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



 እንዲህ ባለው በዓል ላይ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ አገር ፍቅር ሲናገሩ መስማት የተለመደ ነው። እኛ ግን ዛሬ የምንናገረው ስለ አንድ ድንኳን፥ ስለ አንድ ጅረትና ስለ አንዲት እንስራ ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ ቢታያችሁም እስከ መጨረሻው በትዕግሥት እንድታደምጡን እንለምናለን።

ባለፈው ኅዳር ወር መጨረሻ ከክፍላችን ዐሥራ ሁለት ወንዶች ልጆች ልዩ ፈቃድ ተቀብለን ከአንድ መምህራችን ጋር ወደ መናገሻ ሱባ ደን ሄድን። ሐሙስ ገብተን ቅዳሜ እስክንመለስ ድረስ በድንኳን ሰፍረን ነበር። ጉዞውን እንድትፈቅዱልን ስንለምናችሁ፥ እናንተ ወላጆቻችን፥ ምን እንዳላችሁን ታስታውሱ ይሆናል። አንዲት እናት፥ «የሞቀ ቤት እያለህ እንደ ሽፍታ ዱር ልታድር ነው ወይ?» አሉ። አንድ አባትም፥ «እኛ ከኩራዝና ከጭስ እንድትወጡ ብለን ተማሪ ቤት ብናስገባችሁ እናንተ ተመልሳችሁ ጭስ ፍለጋ ትሄዳላችሁ?» ብለው ጠየቁን። ለዚህ ጥያቄ ያን ጊዜ መልስ አልነበረንም፤ ዝም ብለን መሬት መሬቱን አየን። ዛሬ ግን መልሱን ይዘን የመጣን ይመስለናል።

በእርግጥ በድንኳን ማደር ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። «ሰፈር» የምንለው ቃል «ሰፈረ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ መንገደኛ ወይም ሠራዊት ጓዙን አውርዶ ያረፈበት ስፍራ ማለት ነው። «ከተማ»ም እንዲሁ «ከተመ» ከሚለው ይወጣል። የቀድሞ ነገሥታት ከአገር ወደ አገር ሲዘዋወሩ የንጉሡ ድንኳን በመካከል ይተከላል፤ ፊታውራሪው በፊት፥ ቀኛዝማቹ በቀኝ፥ ግራዝማቹ በግራ ይሰፍራሉ። የማዕረጋቸውም ስም የሚያመለክተው ይህንኑ ሥርዐት ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከእንጦጦ ወርደው በፍል ውሃ አጠገብ ከሰፈሩት ከእቴጌ ጣይቱ ጋር በ1879 ዓ.ም. የተጀመረች ከተማ ናት። መኳንንቱም ሠራተኞቹም በየአቅጣጫው ስለ ሰፈሩ፥ ሠራተኛ ሰፈር፥ ደጃች ውቤ ሰፈር የሚባሉት ስሞች እስከ ዛሬ በሰው አፍ ላይ አሉ። እንግዲህ ድንኳን የተከለ ሰው፥ ለሁለት ሌሊትም ቢሆን፥ ትንሽ ከተማ ቆረቆረ ማለት ነው። እኛ ይህን የተረዳነው ግን ዘግይተን ነው።

መናገሻ ሱባ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፥ በወጨጫ ተራራ ላይ የሚገኝ ጥንታዊ ደን ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት በትውፊት ይነገራል። ጽዱ ሦስትና አራት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው አለ። ዝግባው፥ ወይራውና ጥቁር እንጨቱ ከጽዱ ጋር ተደባልቀው ያድጋሉ፤ ወደ ተራራው ራስ ሲወጡ ደግሞ ኮሶና አስታ ይገኛል። ከመንገዱ ወጥተን ወደ ውስጥ በገባን ጊዜ የሰው ጩኸትና የመኪና ድምፅ እየራቀ ሄደና በመጨረሻ የምንሰማው የጅረቱን ድምፅ ብቻ ሆነ። ጅረቱ ትንሽ ነው፤ ጎበዝ የሆነ በአንድ ዝላይ ይሻገረዋል። ነገር ግን ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ሲወርድ ውሃው ከመጥራቱ የተነሣ ከሥሩ ያለው ጠጠር ይቈጠር ነበር።

እኛ ድንኳናችንን በዳርቻው ላይ፥ ከውሃው አንድ እርምጃ ርቀን ልንተክል ፈልገን ነበር። መምህራችን ግን ከለከሉን። «ወንዝ ዳር የሰፈረ ሰው ሰማዩን የሚያየው ከራሱ በላይ ብቻ ነው፤ በተራራው ላይ የዘነበውን ግን አያውቅም። ደራሽ ውሃ አስቀድሞ አይጣራም» አሉን። ከዚህም በቀር ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ወደ ረባዳው ስለሚወርድ በዳርቻው ያለው ብርድ የበረታ መሆኑን ነገሩን። ስለዚህ ከፍ ያለ ደልዳላ ስፍራ መረጥን፤ ቅርንጫፉ የደረቀ ዛፍ በላያችን አለመኖሩንም ተመለከትን። ሥራውንም እንደ ጥንቱ ሥርዐት ተካፈልን። አንዱ ጓደኛችን ፊታውራሪ ተብሎ እንጨት ለቃሚዎችን መራ፤ አንዱ ቀኛዝማች ሆኖ ውሃ ቀጂዎችን፥ አንዱም ግራዝማች ሆኖ ወጥ ሠሪዎችን አዘዘ። ማዕረግ ያልደረሰን ምሰሶ አቆምን፥ ካስማ መታን፥ አውታር ሳብን።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስለ ተቃረበች ግን አውታሩን ያሰርነው በጥድፊያ ነበር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ከወጨጫ ራስ ነፋስ ተነሣና አንደኛውን ድንኳን በስድስት ተኝተው በነበሩ ጓደኞቻችን ላይ ጣለው። እርጥብ ሸራ ፊቱን የሸፈነው አንዱ ጓደኛችን፥ «ጅብ! ጅብ ያዘኝ!» ብሎ ሲጮኽ ደኑ በሙሉ አስተጋባ። በእውነትም ቀደም ሲል ከሩቅ የጅብ ድምፅ ሰምተን ስለ ነበር ለጥቂት ጊዜ ማንም ማንን አላዳመጠም። የእጅ ባትሪ በርቶ ጅቡ ሸራ መሆኑ በታወቀ ጊዜ ሳቃችን ከጩኸቱ በለጠ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን ተረት ለፈተና አጥንተነው እናውቃለን፤ በዚያች ሌሊት ግን በብርድ እየተንቀጠቀጥን በእጃችን ተማርነው።

ሲነጋጋ የቀሰቀሰን የጉሬዛ ድምፅ ነው። ከዛፉ ጫፍ ላይ አንዱ ሲያጉረመርም ከማዶ ሌላው ይመልስለታል። ጥቁርና ነጭ ካባ የደረበ ሽማግሌ መስሎ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲወረወር ስናይ ሌሊት ያገኘንን ብርድ ረሳነው። እሳት አንድደን ውሃ ጣድን። ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ ስፍራ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ፥ ለመጠጥ የሚሆነውን ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ሙሉ እንድናቈየው መምህራችን አዘዙን። ባቄላ ይዞ የመጣው ጓደኛችንም ባቄላው እስከ ቀትር ድረስ አልበስል ያለው ለምን እንደ ሆነ ከዚህ ተረዳ። እኛ ግን በሶ በጥብጠን፥ ሽሮ ሠርተን በላን።

አሁን የምንናገረው የሚያኰራን ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ስለዚህ ነገር ዝም ብንል ንግግራችን ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ከቍርስ በኋላ ሽሮው ከሥሩ ያረረበትን ድስት ይዘን ወደ ጅረቱ ወረድንና በሳሙናና በአመድ ፈተግነው። ገሚሶቻችን ፊታችንንና እግራችንን እዚያው ታጠብን፤ ካልሲውን ያጠበም ነበረ። ነጩ አረፋ በድንጋዮቹ መካከል እየተሽከረከረ ሲወርድ በማየት ተደሰትን እንጂ ወዴት እንደሚሄድ ማንም አልጠየቀም። በዚህ መካከል የድስቱ ክዳን አምልጦን ውሃው ይዞት ሄደ። ሁለታችን እየተሳሳቅን ተከትለነው ሮጥን።

ጅረቱ ከደኑ በሚወጣበት ስፍራ፥ በአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አንዲት አሮጊትና ዐሥር ዓመት የሚሆናት የልጅ ልጃቸው ተቀምጠው አገኘናቸው። በአጠገባቸው አንዲት እንስራና አንድ ቢጫ ጀሪካን ነበረ፤ ሁለቱም ባዶ ነበሩ። ክዳናችን በአሮጊቷ እጅ ነበር። ከሁለታችን አንዱ ኦሮምኛ ያውቃልና ሰላምታ ሰጥቶ፥ «እናቴ፥ ደክሟችሁ ነው የተቀመጣችሁት?» ብሎ ጠየቃቸው።

«አልደከመንም ልጄ» አሉ፤ «ውሃው እስኪጠራ ነው። ከላይ እንግዳ ሰፍሯል መሰለኝ።»

ይህን ብለው ክዳኑን በሁለት እጃቸው ሰጡን።

ቢሰድቡን በተሻለን ነበር። የሰደበን ሰው ቢኖር መልስ እንፈልግለት ነበር፤ እንግዳ ላለን ሰው ግን ምን መልስ ይገኝለታል? በእግራቸው ሥር ያለው ውሃ አመድማ ሆኖ፥ በድንጋዩ ጥግ የሳሙናችን አረፋ ተሰብስቦ ነበር። ልጅቱ አንድ ጊዜ ወደ እኛ፥ አንድ ጊዜ ወደ ፀሐይ ትመለከታለች። ጓደኛችን ለምን ፀሐይ እንደምታይ ጠየቃት። ውሃ ቀድታ ቤት ካደረሰች በኋላ ትምህርት ቤት እንደምትሄድ፥ አሁን ግን እንደ ረፈደባት በዝግታ ነገረችው። በዚያን ቀን ትምህርት ለመማር የወጣን ዐሥራ ሁለት ተማሪዎች አንዲትን ተማሪ ከትምህርቷ አስቀርተን ነበር።

ወደ ሰፈራችን ተመልሰን ለሁሉም በነገርናቸው ጊዜ ሳቁና ጨዋታው ቆመ። መምህራችን አልተቈጡንም። «ነገርን ከሥሩ ውሃን ከምንጩ ይባላል፤ ዛሬ ለእነዚያ ሰዎች ምንጩ እናንተ ናችሁ» ብለው ዝም አሉ። ወዲያው አራታችን ወርደን እንስራውንና ጀሪካኑን ተቀበልን፤ ከሰፈራችን በላይ ካለው ንጹሕ ውሃ ቀድተን እስከ ቤታቸው ተሸከምን። የሞላ የ20 ሊትር ጀሪካን ክብደቱ 20 ኪሎ ነው። ሁለት ጠንካራ ልጆች እየተቀያየርን አቀበቱን ስንወጣ ሦስት ጊዜ አረፍን። እንስራውን በገመድ በጀርባው ያዘለው ጓደኛችን ጎንበስ ቀና ሲል ውሃው በአንገቱ እየፈሰሰ ስላራሰው አሮጊቷ ከልባቸው ሳቁ፤ ገመዱ እንዴት እንደሚያዝም አሳዩት። ልጅቱ ደብተሯን ይዛ ስትሮጥ ከቤቱ ደጅ ቆመን አየናት። እኛ በትምህርት ቤታችን ቧንቧ ከፍተን፥ አንዳንድ ጊዜም ሳንዘጋ፥ የምንሄድ ልጆች ነን። ስለ ውሃ ክብደት በመጽሐፍ ያነበብነውን በትከሻችን ያወቅነው ያን ዕለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሰፈራችንን ሥርዐት እንደ ገና አወጣን። መታጠቢያውንና የዕቃ ማጠቢያውን ከጅረቱ 60 ሜትር፥ ማለት 80 እርምጃ ያህል አራቅነው፤ የታጠብንበትም ውሃ አፈሩ እንዲያጣራው በጕድጓድ ይደፋ ጀመር። መጸዳጃውንም እንዲሁ ከውሃና ከመንገድ አርቀን ቈፈርን። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 23 ሠራዊት በሰፈረ ጊዜ ከሰፈሩ ውጭ የተለየ ስፍራ እንዲኖረውና መቈፈሪያ እንዲይዝ ያዝዛል። ይህን ምዕራፍ በክፍል ውስጥ ስናነብ አንዳንዶቻችን አንገታችንን ደፍተን እንስቅ ነበር። አሁን ግን አካፋውን ይዘን ስንቈፍር የሳቀ የለም።

በሁለተኛው ምሽት ደግሞ ሌላ ትምህርት መጣ። የለቀምነው ጭራሮ ስላለቀ ፊታውራሪያችን መጥረቢያ ይዞ ወደ አንድ ለጋ ጽድ ተጠጋ። የደኑ ሽማግሌ ዘበኛ ከየት እንደ መጡ ሳናውቅ ከኋላው ቆመው፥ «ልጄ፥ ይህ ዛፍ ከአንተ ይታደጋል፤ የወደቀውን አንሣ» አሉት። እኛም ባትሪ ይዘን የወደቀ እንጨት ፍለጋ ሄድን። እሳቱን የከበብንበትንም ድንጋይ ከጅረቱ ሳይሆን ከደረቅ መሬት እንድናመጣ ያስተማሩን እርሳቸው ናቸው፤ ውሃ የጠጣ ድንጋይ ሲግል ሊፈነዳ ይችላልና።

በእሳቱ ዙሪያ ተቀምጠን ሳለን መምህራችን የእንጦጦንና የአዲስ አበባን ነገር አወሩልን። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የከተማዋ ሕዝብ እየበዛ ሲሄድ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቈረጠ አለቀ። በ1890ዎቹ ዓ.ም. የማገዶ ችግር ስለ ጸና ንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። በዚያው ዘመን ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ለማገዶ የሚደርስ ሆኖ ስለ ተገኘ ከተማዋ ባለችበት ጸናች፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረውም ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ባሕር ዛፍ ከተማዋን አዳነ፤ የጥንቱን ጽድ ግን አልመለሰም። ድንኳን ሆና የተጀመረች ከተማ ዙሪያዋን በልታ ልትሰደድ ምንም አልቀራትም ነበር ማለት ነው። ይህን ስንሰማ ፊታውራሪያችን መጥረቢያውን ቀስ ብሎ ከኋላው ደበቀ።

የጅረቱንም መንገድ አስረዱን። ከወጨጫ የሚወርደው ውሃ ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽም በ1952 ዓ.ም. የተመረቀውን የቆቃን ግድብ ሞልቶ፥ የወንጂንና የመተሐራን ሸንኮራ አገዳ አጠጥቶ፥ በአፋር ምድር የአርብቶ አደሩን ከብት አርክቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ባሕር ሳይደርስም በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ከአዋሽ ውሃ አንዲት ጠብታ እንኳ ወደ ባሕር አትደርስም፤ ሁሉም በመንገድ የሚጠብቀው አለ። ከእንግዲህ አንድ ወንዝ ሲፈስ ባየን ጊዜ፥ ከታች ባዶ እንስራ ይዞ የተቀመጠ ሰው እንደሚታየን እርግጠኞች ነን።

ቅዳሜ ጠዋት ድንኳኑን ነቀልን። ካስማው የወጣበትን ቀዳዳ በአፈር ደፈንን፤ የተኛውን ሣር በእጃችን አነሣን። አመዱን በውሃ አርሰን፥ በመዳፋችን ዳስሰን ፍጹም መብረዱን ካረጋገጥን በኋላ በተንነው። ጓዛችንን አስረን በወንዙ ዳር ስንወርድ አሮጊቷና የልጅ ልጃቸው ከታች መጡ። ሁላችን ሳንነጋገር ቆምን። ልጅቱ ወደ ውሃው አየች፤ ጎንበስ ብላም ጀሪካኗን ነከረችው። አልተቀመጠችም። አሮጊቷ በእጃቸው ምልክት ሰጥተው መረቁን፤ ጓደኛችን ሲተረጕምልን፥ «ሰፈራችሁ ይባረክ፤ ተመልሳችሁም ኑ» ማለታቸው ነው። ከማንኛውም መምህር ከተቀበልነው ማርክ ሁሉ ይህን አብልጠን እንወደዋለን።

የተከበራችሁ ወላጆቻችን፥ «ለምን ጭስ ፍለጋ ትሄዳላችሁ?» ብላችሁ ለጠየቃችሁን መልሳችን ይህ ነው። ከኩራዝና ከጭስ ስላወጣችሁን ውለታችሁን አንረሳም። ነገር ግን ቧንቧ በሚከፈትበት፥ እሳት በማብሪያ በሚነድበት ቤት ውስጥ የምንኖር ሰዎች ከእኛ በላይ ማን እንደሚቀዳልን፥ ከእኛ በታችም ማን እንደሚጠጣ አናይም። በድንኳን ውስጥ ግን እንጨቱ ከየት እንደ መጣ፥ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ በዐይናችን ይታያል። ሦስት ቀን ጭስ የፈለግነው ዕድሜያችንን ሙሉ ማየት እንድንችል ነው። ስለዚህ ታናናሾቻችን በሚመጣው ዓመት ፈቃድ ሲጠይቋችሁ እንዳትከለክሏቸው እንለምናለን፤ ብርድ ልብስ ብቻ ጨምሩላቸው።

እናንተ ታናናሾቻችንም ስትሄዱ አውታሩን ሳትቸኩሉ እሰሩ፤ ሳሙናውን ከጅረቱ አርቁ፤ የወደቀውን እንጂ የቆመውን እንጨት አትንኩ።

ይህ ትምህርት ቤትም የሰፈርንበት ስፍራ ነው። ከእኛ በፊት ያለፉት ተማሪዎችና መምህራን ውሃውን ሳያደፈርሱ ስላቆዩልን እኛ ደርሰን ያለ መጠበቅ ቀዳን። በቅርቡ ድንኳናችንን ነቅለን እንሄዳለን። ወደ ኋላ ተመልክታችሁ፥ «ከላይ ሰፍረው የነበሩት እንግዶች ውሃውን አጥርተው ሄዱ» ለማለት ብትችሉ እኛ ሌላ መታሰቢያ አንፈልግም።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይጠብቅልን።